ምቹ ባለሸራ ጀልባ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለረጅም ጉዞ ባለሸራ ጀልባ ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጀልባውን የሚያየው ወደብ ላይ ታስሮ፣ ውኃውም ረግቶ ሳለ ነው። የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው እዚሁ ላይ ነው፤ ቆሞ የሚታየው ስፋትና የሶፋው ልስላሴ ምቾት ተደርጎ ይወሰዳል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ካለው ከፍቅር ሐይቅ መዝናኛ ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬ ለማየት የወጣ የሐዋሳ ሰው ግን ጠዋት በጸጥታ የወሰደው ጀልባ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ምን ያህል እንደሚለወጥ ያውቃል። ባሕር ላይ ይህ ለውጥ ለአንድ ሰዓት ሳይሆን ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሳሎኑ ስንት ሰው ያስቀምጣል ከሚለው ጥያቄ በፊት ማዕበል ሲመታው ጀልባው እንዴት ይንቀሳቀሳል የሚለው መጠየቅ አለበት።

ከዚህ የሚከተለውና በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ክብደትን እንደ ጉድለት መቁጠር ነው። ወገቡ የሰፋ ቀላል ጀልባ የማዕበሉን ገጽ ተከትሎ ወዲያው ያዘነብላል፣ ወዲያውም ይመለሳል፤ ተሳፋሪን የሚያደክመውና የሚያጥወለውለው ደግሞ የማዘንበሉ መጠን ብቻ ሳይሆን የመመለሱ ፍጥነት ነው። ከባድና ጠበብ ያለው ጀልባ በአንጻሩ ዝግ ብሎ ይነሣል፣ ዝግ ብሎም ይወርዳል። የጀልባ ንድፍ ባለሙያው ቴድ ብሩወር ይህን ልዩነት በቁጥር ለማስቀመጥ ሞክሯል። በእርሱ ቀመር የጀልባው ክብደት ከርዝመቱና ከስፋቱ በሚገኝ ቁጥር ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ20 በታች ከሆነ ጀልባው ቀላል የውድድር ጀልባ ነው፣ ከ20 እስከ 30 ከሆነ ከዳርቻ ብዙ ለማይርቅ ጉዞ ይሆናል፣ ከ30 እስከ 40 ከሆነ ለውቅያኖስ ጉዞ የታሰበ መካከለኛ ጀልባ ነው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ከባዶቹ ናቸው። ሁለቱም 12 ሜትር የሚረዝሙ ጀልባዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያው 7 ቶን ይመዝናል፣ ስፋቱ ወደ 4 ሜትር ነው፣ ውኃው የሚነካው ርዝመቱም 10.4 ሜትር ነው፤ ቁጥሩ 22 አካባቢ ይወጣል። ሁለተኛው 11 ቶን ይመዝናል፣ ስፋቱ 3.65 ሜትር፣ የውኃ መስመር ርዝመቱ 9.4 ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ወደ 41 ይጠጋል። ሻጩ የሚያሳየው ሳሎን የሚያምረው በመጀመሪያው ውስጥ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ቀመሩ በፓውንድና በጫማ የሚሠራ በመሆኑ በኪሎና በሜትር የሚያሰላ ሰው የተሳሳተ ውጤት ያገኛል። ብሩወር ራሱ ቁጥሩን በግማሽ ቀልድ እንዳወጣው የተናገረ ስለሆነም መጠናቸው የሚቀራረብ ጀልባዎችን ለማነጻጸር እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ ሊያገለግል አይገባም።

ምቾትና ደኅንነት የሚለያዩ ጉዳዮች የሚመስሏቸው ሰዎች የ1979ኙን የፋስትኔት የጀልባ ውድድር ማስታወስ አለባቸው። ያን ጊዜ ከእንግሊዝ የተነሡ 303 ጀልባዎች ወደ አየርላንድ ሲያመሩ ብርቱ ማዕበል አግኝቷቸው 15 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው የመገልበጥ መለኪያም የሚያነጻጽረው ስፋትንና ክብደትን ነው፤ ለውቅያኖስ ጉዞ ውጤቱ ከ2 በታች እንዲሆን ይመከራል። ከላይ ካነሣናቸው ሁለቱ ውስጥ ሰፊውና ቀላሉ ይህን ወሰን በጥቂቱ ያልፈዋል፤ ከባዱ ከ1.7 አይበልጥም።

ካታማራን፣ ማለትም ባለሁለት አካሉ ጀልባ፣ አያዘነብልምና ለጥያቄው ሁሉ መልስ ነው ብሎ መቀበልም ስህተት ነው። ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሳይወድቅ መቆየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንቅስቃሴው አጭርና ድንገተኛ ነው፣ ሁለቱን አካላት የሚያገናኘው ወለል ዝቅ ያለ ከሆነም ማዕበሉ ከሥሩ ሲመታው እንቅልፍ ይነሳል። ዕቃ ሲበዛበት ደግሞ ወለሉ ወደ ውኃው ይበልጥ ስለሚቀርብ ይኸው ችግር ይብሳል። ስለዚህ ሰፊ ቦታ ስላገኙ ብቻ ዕቃ አይከምሩበት።

መኝታንና ማዕድ ቤትን በፎቶግራፍ መምረጥ ከስህተቶቹ ሁሉ በጣም የተለመደው ሳይሆን አይቀርም። ከፊት ለፊት ያለው ትልቅ የባልና ሚስት አልጋ ለወደብ ምሽት ጥሩ ነው፤ በጉዞ ላይ ግን ፊቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚነሣና የሚወድቅ የጀልባው ክፍል ስለሆነ እዚያ የሚተኛ የለም። ጀልባው ወደ ጎን በሚያዘነብልበት ሌሊት ሰው የሚያንቀላፋው እንቅስቃሴው በሚያንስበት በመካከለኛው ክፍል፣ ትከሻን ያዝ በሚያደርግ ጠባብ አልጋ ላይ፣ ጎኑም እንዳይወድቅ በሸራ ተጋርዶለት ነው። እንዲህ ያለ መኝታ ቢያንስ ሁለት ከሌለው ጀልባ ጋር ሌሊት ለማለፍ አይስማሙ። ማዕድ ቤቱም ቢሆን አብሳዩን ከሦስት ወገን የሚደግፍ ጠባብ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል፤ ምድጃው ጀልባው ሲያዘነብል ራሱን ቀጥ አድርጎ እንዲቆም በማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ መሆን አለበት። ለእኛ ሰው አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ በቡና ሰዓት፣ ሸራው ተዘርግቶ ሳለ፣ ጀበናው ሳይገነፍልና ሳይገለበጥ ይፈላል ወይ? ሻጩ ይህን አይቶ ሊስቅ ይችላል፤ ቢስቅም ይፈተን። ሰፊውና ባዶው የሳሎን ወለልም ለዓይን ይማርካል እንጂ፣ ከደረጃው እስከ ፊት ድረስ እጅ የሚይዘው ነገር ከሌለ ሰው ከዳር እስከ ዳር ተወርውሮ ጎኑን የሚሰብርበት ሜዳ ነው።

ለአንድ ውኃ የተሠራን ጀልባ ለሌላው መግዛትም አለ። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከሁሉ በሚጠልቅበት 22 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳርቻው ጥልቀት የሌለውና ቄጠማ የበዛበት ነው። እዚህ ሁለት ሜትር ወደ ውኃው የሚዘልቅ የብረት ኪል፣ ማለትም ከሥሩ የሚወርድ ከባድ ክንፍ፣ ያለው የውቅያኖስ ጀልባ ሸክም ብቻ ነው፤ ታችኛው ክንፉ ወደ ላይ የሚሳብ ቀላል ጀልባ ይበቃል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝም ትንሹ ሞተር በካታሎጉ የተጻፈውን ኃይል ሙሉ በሙሉ አይሰጥም፤ ነፋስ ሲጠፋ ወደ ዳር የሚመልሰው እርሱ ነውና ጥቂት ጨምረው ይግዙ።

ጥላ የሌለውን ጀልባ መግዛት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመሪው በላይ ጽኑ መጋረጃ ይኑረው፣ ከውስጥም ዝናብ ሳያስገቡ አየር የሚያሳልፉ መስኮቶች ይኑሩት።

ረጅሙን ጀልባ መምረጥም ስህተት ሊሆን ይችላል፦ ርዝመት ሲጨምር የሸራው ጉልበት፣ የወደብ ኪራዩና የጥገናው ወጪ ከርዝመቱ በላይ ይጨምራል። ባልና ሚስት ብቻ የሚጓዙ ከሆነ ሁለቱም ለየብቻቸው ሸራውን ማውረድ የሚችሉበትን መጠን ይምረጡ። አንዱ በባሕር ሕመም የተኛ ቀን ጀልባውን የሚነዳው ሌላው ብቻውን ነው።

በመጨረሻም ነፋስ በሌለበት ቀን ፈትሾ መፈረም አለ። ሙከራው ከ28 እስከ 37 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚነፍስ ነፋስ ላይ ይሁን፤ እርስዎም መሪው አጠገብ ብቻ ሳይቀመጡ ወደ ታች ወርደው ለግማሽ ሰዓት ያንብቡ፣ ይተኙ፣ መጸዳጃ ቤቱንም ይጠቀሙ። ከዚያም በተሻለ፣ ተመሳሳይ ጀልባ በሲሼልስ ወይም በግሪክ ደሴቶች መካከል ለአንድ ሳምንት ከነካፒቴኑ ተከራይተው፣ አብሮዎት የሚጓዘውን ቤተሰብ ሁሉ ይዘው ይሞክሩ፤ በተለይ ከመካከላቸው መኪና ላይ የሚያቅለሸልሸውን አያስቀሩ።