አደይን ግቢያችን ለማብቀል ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ስህተቶቹን ሁሉ አንድም ሳይቀረኝ ስለሠራኋቸው ከራሴ ልጀምር።

ከነሥሩ ነቅሎ ማምጣት

አንድ መስከረም ከጦሳ ተራራ ስወርድ ፍክት ያለ አደይ አየሁና ከነሥሩ ነቀልኩት። አፈሩ እንዳይረግፍ በፌስታል ጠቅልዬ ደሴ ግቢያችን አስገባሁና አሮጌ ባልዲ ውስጥ ተከልኩት። ጠዋት ውኃ፣ ማታ ውኃ። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ደፋ። በሳምንቱ ገለባ ሆነ። ጎረቤታችን እማማ አይተውኝ ሳቁ። «አንች ልጅ፣ ይኼ እኮ አንዴ ካበበ የሚቆይ አይደለም። ፍሬውን ነበር ጠብቀሽ መልቀም!»

ልክ ናቸው። አደይ ዕድሜው አንድ ክረምት ነው። በዝናቡ ከዘር ይበቅላል፣ ጳጉሜና መስከረም ላይ ያብባል፣ ከዚያ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ለከርሞ የሚያቆየው ሥር የለውም። ያበበውን ነቅሎ መትከል ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደ መድረስ ነው። ተራራው ላይ ሊረግፍ የነበረውም ዘር አብሮ ይቀራል። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለደመራ ከፈለጋችሁት ግንዱን በመቀስ ቁረጡ፤ ጎኑ ያሉት እንቡጦች ይቀጥላሉ።

ቢጫ ሁሉ አደይ ይመስለናል

መስከረም ላይ ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ መንገዱ ዳር ሁሉ ቢጫ ነው። ግን መች የሚባለው አረምም ቢጫ ነው፣ ኑግም ቢጫ ነው። ሦስቱም ከሱፍ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። አበባውን ትታችሁ ቅጠሉን እዩ። የመችና የኑግ ቅጠል ሙሉ ነው፤ የተራራው አደይ ቅጠል ግን ተሰነጣጥቆ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭን ይሆናል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ መች ስንከባከብ ከርሜያለሁ። ገበሬ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሥር መፈለግ ወይም መዝራት

አደይ ፀሐይ ይወዳል። ባህር ዛፍ ወይም ፓቱላ ተጠጋግቶ የተተከለበት ሥር ብትገቡ የረገፈ ቅጠል እንጂ አበባ አታገኙም። ዛፎቹ ራቅ ራቅ ያሉበት፣ ብርሃን መሬት የሚደርስበት ቦታ ላይ ግን ሣሩ መሐል ብቅ ይላል። ግቢያችሁም ውስጥ እንደዚያው ነው። አጥር ጥግ አትደብቁት።

ዘሩን ሳይደርስ መልቀም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ አበባ የምንለው ብዙ ጥቃቅን አበቦች አንድ ላይ የታጨቁበት ነው። ዳር ዳሩን ያሉት ቢጫዎች ለጌጥ ናቸው፤ ፍሬ የሚይዙት መሐል ያሉት ናቸው። ቢጫው ሲረግፍ ወዲያው አትልቀሙ። መሐሉ ጠቁሮ እስኪደርቅ፣ በጣት ስትነኩት እስኪፈረፈር ጠብቁ። ዘሩ ቀጭን፣ ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ ነው። የሳይንስ ስሙ ቢደንስ ሲሆን በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ጥርሱ ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለጋችሁ ዘመዱ የሆነውን ጨጎጎት አስቡ፤ ሱሪ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ የሚመጣው እሱ ነው።

ደግሞ በፌስታል አታስቀምጡት። እኔ አስቀምጬው ሻግቶ ጣልኩት። ጋዜጣ ላይ አድርቃችሁ በወረቀት ጠቅልሉት።

ቀድሞ መዝራት፣ ቀብሮ መዝራት

ዝናቡ ደህና አድርጎ ሳይገባ አትዝሩ። የሰኔ መጨረሻ ወይም የሐምሌ መጀመሪያ ይበቃል። በተለይ ኮምቦልቻ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። እናንተ ጋ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ስትዘሩም እንደ ባቄላ ጉድጓድ አትቆፍሩለት። በተራራው ላይ ማን ይቀብርለታል? አፈሩን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት፣ በእጃችሁ ጫን በሉት፣ በቃ። ፍግም አታብዙ፤ ቅጠሉ ይንዠረገግና ይወድቃል።

አረም መስሏችሁ መንቀል

ባለፈው ሐምሌ ወንድሜ ግቢውን ሊያጸዳ ተነሳ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንድም ሣር አላስተረፈም። ከሣሩ ጋር የእኔም ቡቃያዎች ሄዱ። ምልክት ያላደረግሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት ልቆጣው? መስከረም ላይ ከባልዲው ጀርባ፣ መጥረጊያ ከማይደርስበት፣ ሦስት አደይ አብበው አገኘሁ።