ለቤት ኮምፒውተራችሁ የትኛው ሊኑክስ ይሁን? የጀማሪዎች መመሪያ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ የ4ኛ ወይም የ6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ላፕቶፕ ያለው ሰው ማሽኑ ደህና እየሠራ አዲስ ግዛ ይባላል። መግዛት አያስፈልገውም። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ጥሩ አድርጎ ይሠራል።

ሊኑክስ ሲባል ግን አንድ ነገር አይደለም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ዴስክቶፕ (ስክሪኑ ላይ የሚታየው ገጽታ)፣ ፕሮግራምና የማሻሻያ ሥርዓት ጨምረው የሚያዘጋጁት ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ዝግጅት ዲስትሮ ይባላል። ጀማሪ ሲመርጥ መልኩን ከማየቱ በፊት ማሻሻያው ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ፣ ችግር ሲገጥመውም መፍትሔውን በቀላሉ ማግኘት መቻሉን ማየት አለበት።

ከዲስትሮው በፊት ሥራችሁን እዩ

በኮምፒውተሩ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ወረቀት ላይ ጻፉ። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ቴሌግራም፣ ዙምና ቪኤልሲ ለሊኑክስ የተዘጋጁ አሏቸው። በብሮውዘር የሚሠራ ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል። በወርድና በኤክሴል ፋንታ ሊብሬኦፊስ አለ፤ ደብዳቤ፣ ሲቪና ተራ ሠንጠረዥ ያለ ችግር ይከፍታል። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) ያለበት የኤክሴል ፋይል ወይም ምስልና ሠንጠረዥ የበዛበት የወርድ ሰነድ ግን ሊዛባ ይችላል፤ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ፒችትሪ፣ አውቶካድና ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዋይን የሚባለው ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ያስነሳል፤ የድርጅት ሒሳብ የተያዘበትን ፒችትሪ በእሱ ማስኬድ ግን ለአደጋ መጋለጥ ነው። ሥራችሁ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከተመሠረተ ዊንዶውሱን ሳታጠፉ ሊኑክስን ጎን ለጎን ጫኑ።

ቀጥሎ ራም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር መጠኑን ታገኛላችሁ። 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን በሲናሞን ዴስክቶፕ ውሰዱ። 4 ጊጋ ከሆነ እዚያው ሚንት ላይ ቆዩ፣ ዴስክቶፑ ግን ኤክስኤፍሲኢ ይሁን። 2 ጊጋ ከሆነ ሉቡንቱ ወይም አንቲኤክስ ይነሳል፤ ሆኖም ራሙን የሚጨርሰው ብሮውዘሩ ስለሆነ ሦስት አራት ገጽ ከተከፈተ በኋላ መንቀራፈፉ አይቀርም። እዚህ ላይ ዲስትሮ ከመቀያየር 4 ጊጋ ራም መጨመር ይሻላል። ስትገዙ በነባሩ ራም ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል የሚባሉት የራም ዓይነቶች ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው በ1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው በ1.35 ቮልትም ይሠራል። ዲዲአር3ኤል ብቻ በሚቀበል ላፕቶፕ ላይ ተራውን ዲዲአር3 ከሰካችሁ ላይነሳ ይችላል።

ማሽኑ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ቢበቃ 240 ጊጋ የሚይዝ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዙ። ከየትኛውም የዲስትሮ ምርጫ ይልቅ ፍጥነቱን የሚለውጠው እሱ ነው።

ለምን ሚንት?

ሜኑው ከታች በስተግራ ነው፣ የተከፈቱ መስኮቶች ከታች ይደረደራሉ፤ ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ግራ አይጋባም። ሚንት 22 የተሠራው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ስለሆነ ለኡቡንቱ የተጻፈው መፍትሔ አብዛኛው ለእሱም ይሠራል፤ ማሻሻያውም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ታይምሺፍት የሚባል መሣሪያም አብሮት ይመጣል፤ የሲስተሙን ቅጂ እያስቀመጠ፣ አንድ ማሻሻያ ነገር ቢያበላሽ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። የግል ፋይሎቻችሁን ግን በራሱ አይዝም፤ እነሱን ለብቻ ኮፒ ማድረግ የናንተ ሥራ ነው።

ኡቡንቱም ጥሩ ነው፤ ዴስክቶፑ ግን ከሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይከብዳል፣ አቀማመጡም ለዊንዶውስ ተጠቃሚ አዲስ ነው። ዞሪን ኦኤስ ዊንዶውስን እንዲመስል ታስቦ የተሠራ ስለሆነ መልኩ ለሚያሳስበው ሰው ይመቻል። ፌዶራ የአንዱ እትም ድጋፍ 13 ወር ገደማ ብቻ ስለሆነ በየጊዜው ትልቅ ማሻሻያ ያስወርዳል፤ ኢንተርኔት በፓኬጅ ለሚገዛ ቤት አይመረጥም። ካሊን ለቤት አትጫኑ፤ የተሠራው ለደህንነት ፍተሻ ባለሙያዎች ነው፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለጀማሪ አይመክሩትም።

ሳትጭኑ ሞክሩ

የሚንት ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ነው። ኔትወርክ የሚቆራረጥ ከሆነ በቶረንት (ፋይልን በቁርጥራጭ የሚያወርድ ዘዴ) አውርዱት፤ ከቆመበት ይቀጥላል። አንድ ሰው ያወረደውን ለጎረቤት ማካፈልም ሕጋዊ ነው። ካወረዳችሁ በኋላ ፋይሉ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ፦ ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ፋይሉን በቀኝ ተጭናችሁ ሻ 256 የሚለውን ምረጡ፣ የሚወጣውን ኮድ ሚንት ድረ ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። መሃል ላይ የሚቆም ጭነት ብዙ ጊዜ መነሻው የተበላሸ ፋይል ወይም የደከመ ፍላሽ ነው።

8 ጊጋ የሚይዝ ፍላሽ ሰኩና ሩፈስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚንትን ፋይል ጻፉበት፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩ የቡት ሜኑውን (ከየትኛው ዲስክ ይነሳ የሚለውን ዝርዝር) ጥሩ፦ ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ቀጥሎ ኤፍ9፣ ብዙ ሌኖቮዎች ላይ ኤፍ12። ፍላሹን ስትመርጡ ሚንት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዋይፋይ አገናኙ፣ ቪዲዮ ከፍታችሁ ድምፁን ስሙ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱና ጨምሩ፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ ካላችሁ ፕሪንተሩን ሰኩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ መንቃቱን እዩ። ከፍላሽ ሲሠራ ቀርፋፋ ስለሚሆን በፍጥነቱ አትፍረዱ። ዋይፋዩ ጭራሽ ካልታየ፣ በተለይ ብሮድኮም ካርድ ባላቸው የቆዩ ማሽኖች ላይ፣ ስልካችሁን በገመድ አገናኝታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን የዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፤ ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ስትከፍቱ የሚጎድለውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ፈልጎ ያመጣል።

ሲጫን የሚገጥመው

ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ሳታስቀምጡ አትጀምሩ። ዊንዶውስ አብሮ የሚቆይ ከሆነ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ አጥፉ፤ አለዚያ የዊንዶውሱ ዲስክ ከሊኑክስ ሲታይ ማንበብ እንጂ መጻፍ ላይፈቅድ ይችላል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ለሊኑክስ የሚሆነውን ቦታ በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ዊንዶውሱ ከያዘው ላይ ቀንሱ፤ ሚንት በ20 ጊጋ ይጫናል፣ ለቤት አገልግሎት ግን ከ50 ጊጋ አታሳንሱ።

መጫኛው ዲስኩን አላገኘሁም ካለ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ላይ ሳታ የሚለው የዲስክ ቅንብር ሬይድ ተብሎ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስን የምታጠፉ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩት። የምታቆዩት ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ፤ ዊንዶውሱ አልነሳም ሊል ይችላልና የሚያውቅ ሰው ይይዘው። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አትጀምሩ፤ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እየተቀነሰ መብራት ቢጠፋ ፋይል ይበላሻል። ድምፅና ቪዲዮ እንዲከፍት የመልቲሚዲያ ኮዴክ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

አማርኛው

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ካሏችሁ፣ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ፎልደር የእነዚህን ፎንቶች ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የቆዩት ፎንቶች ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል አሰያየም) ስላልሆኑ፣ እነሱ በሌሉበት ሰነዱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ሚንት ላይ የፎንቱን ፋይል ሁለቴ ተጭናችሁ ኢንስቶል ስትሉት ሰነዱ ይነበባል።

ድረ ገጽ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ከታየ ከሶፍትዌር ማናጀር ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጫኑ። ለመጻፍ ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ከሜኑው ክፈቱ፣ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጫኑ፣ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅልም ከሶፍትዌር ማናጀር ጨምሩ፤ ወጥታችሁ ስትገቡ ከአይባስ ምርጫዎች አማርኛ ሴራን ታክላላችሁ። የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል ስትመቱ ግዕዙን ያወጣል። ወጥታችሁ ካልገባችሁ ግን አማርኛው ዝርዝሩ ውስጥ ላይታይ ይችላል።