«ጆብ ደን» ካለ በኋላ፦ ቁስን በኮምፒውተር ማጥናት የምትጀምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ደርቤ ቢሮ ተቀምጫለሁ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች። ፊቷ በርቷል።

«መምህር፣ ብረቱ አለቀልኝ!»

አየሁት። ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው የስሌት ፕሮግራማችን ሥራውን ሲጨርስ የሚጽፋት የመጨረሻ ቃል አለች፦ «ጆብ ደን»። የብረት ክሪስታል የሚደጋገምባት የትንሿ ኩብ ጎን ርዝመት 2.76 አንግስትሮም (የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) ወጥቷል። በሙከራ የሚታወቀው 2.87 ነው።

«ብረት ማግኔት ነው አይደል?» አልኳት።

«አዎ፣ መምህር።»

«ለኮምፒውተሩስ ነግረሽዋል?»

ዝም አለች። ቀስ ብላ ለፕሮግራሙ ትእዛዝ የጻፈችበትን የኢንፑት ፋይል ከፈተች።

ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ለመሰሉ ልጆች ነው። ኮምፒውቴሽናል ማቴሪያል ሳይንስ ቁሱን ሳይነኩ ማጥናት ነው። ብረት ይሁን ሲሊከን፣ ሲሚንቶ ይሁን የባትሪ ጨው፣ አተሞቹን ኮምፒውተር ውስጥ ደርድራችሁ በፊዚክስ ሕግ ምን እንደሚያደርጉ ታሰላላችሁ። ዋናው መሣሪያችን ዴንሲቲ ፋንክሽናል ቲዎሪ፣ ባጭሩ ዲኤፍቲ ነው፤ ከኤሌክትሮኖቹ ጥግግት ተነስቶ የቁሱን ጠባይ የሚያሰላ ዘዴ። ዋልተር ኮን ከሆኸንበርግና ከሻም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 መሠረቱን ጣለ፤ በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆነበት። ሙያው ደስ ይላል። ግን ጀማሪን ዓመታት የሚያስከፍሉ ስህተቶች አሉት።

ቁጥር ስለወጣ ትክክል ነው ብሎ ማመን

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው፤ ለዚህ ነው ያስቀደምኩት።

ኮምፒውተሩ የጠየቃችሁትን ይመልሳል። ልትጠይቁት የፈለጋችሁትን አያውቅም። ማግኔት ነው ካልተባለ ፕሮግራሙ የብረቱን ኤሌክትሮኖች እኩል ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያሰላል። ማግኔትነቱን ያጣ ብረት ደግሞ ይጠብባል። 2.76 የመጣው ከዚያ ነው። «ጆብ ደን» ስሌቱ ሳይቋረጥ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይልም። ልጅቷ ሁለት መስመር ጨመረች፣ ከሰዓት በኋላ 2.83 ይዛ መጣች። የቀረችው ትንሽ ልዩነት ዲኤፍቲ ስለ ኤሌክትሮኖቹ መስተጋብር የሚወስደው ግምት ጠባይ ናት።

ቁጥር ሲወጣ መጀመሪያ ከሚታወቅ ነገር ጋር አስተያዩት። የማይታወቅ ቁስ ከሆነ፣ የሚታወቅ ዘመዱን አስቀድማችሁ አስሉ። ከዚያ የኮንቨርጀንስ ፈተና አለ። ከትኦፉን (ኤሌክትሮኖቹን የሚገልጹት ሞገዶች የኃይል ጣሪያ) ከፍ አድርጉ፣ ኬ ፖይንቱን (ስሌቱ ናሙና የሚወስድባቸው ነጥቦች) አብዙ፣ ቁጥሩ ይነቃነቅ እንደሆነ እዩ። እስኪረጋ ድረስ ቀጥሉ። ወጥ ስትሠሩ ጨው ጨምራችሁ እንደምትቀምሱት ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይህን ፈተና ዘሎ የተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ ፈታኙ ፊት አንድ ጥያቄ አይችልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

መለኪያውንም አደራ። ኳንተም ኤስፕሬሶ ከትኦፍን የሚቀበለው በሪድበርግ ነው፤ ብዙ ጽሑፎች ግን በኤሌክትሮን ቮልት ይጽፉታል። አንድ ሪድበርግ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ከአንድ ጽሑፍ ላይ 500 የሚል ቁጥር ወስጄ እንዳለ ለጠፍኩት። ወደ 6,800 ኤሌክትሮን ቮልት መጠየቄ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ማሽኑ ሲያቃስት ጥፋቱን በማሽኑ አላከክሁ።

የመሣሪያውን ድክመት ሳያውቁ መፍረድ

ሲሊከን በቤት ሙቀት የኃይል ክፍተቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ ተላቆ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚሻገረው ኃይል፣ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ፒቢኢ የሚባለው የተለመደው ግምት ግን 0.6 አካባቢ ይሰጣችኋል። ይህ የእናንተ ስህተት አይደለም፤ የዘዴው የታወቀ ጉድለት ነው። ጀርመኒየም ላይማ ክፍተቱን ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ሁለት ወር ኢንፑቱን ሲቀያይር ይከርማል። ወይም ደግሞ ቁጥሩን እንዳለ ይዞ «ይህ ቁስ ለሶላር አይሆንም» ብሎ ይፈርዳል። ሁለተኛው ይከፋል። የምትጠቀሙበት ዘዴ ምን ላይ እንደሚያጥር ቀድማችሁ አንብቡ።

ከመሣሪያው የሚተልቅ ጥያቄ መያዝ

መንዝ ያደገ ሰው የመዘዞን ኦፓል ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህ የዓለም የድንጋይ ገበያ ያወቀው፣ ብርቱካንማና ቡናማ ሆኖ ውስጡ ቀለም የሚጫወት ድንጋይ ነው። ችግሩ ይሰነጠቃል። ያማረው ድንጋይ ሰንጥቆ ሲገኝ ዋጋው አብሮ ይወድቃል።

አንድ ጎበዝ ልጅ ይህንኑ ይዞ መጣ፦ «መዘዞ ለምን እንደሚሰነጠቅ በዲኤፍቲ ላስላ።» ልቤ ሞቀ። የአገር ጥያቄ ነው፣ የራሱ ቀዬ ጥያቄ ነው። ግን ወረቀት አወጣንና አብረን ቆጠርን። ኦፓል ሲሊካና ውኃ ነው። ዲያሜትሯ 200 ናኖሜትር የሆነች አንዲት የሲሊካ ኳስ ብቻ ከ200 ሚሊዮን በላይ አተም ትይዛለች። ዲኤፍቲ ደህና ማሽን ላይ ሳይጨናነቅ የሚሸከመው ጥቂት መቶ አተም ነው። በተለመደው አሠራር አተሙን እጥፍ ስታደርጉት ጊዜው ወደ ስምንት እጥፍ ይሄዳል። ድንጋዩን እንዳለ ላስላ ማለት ዕድሜ አይበቃውም።

ልጁ አንገቱን ደፋ። ጥያቄውን መጣል ግን አላስፈለገም፤ ማሳነስ ነበር። አንዲት የውኃ ሞለኪውል የሲሊካ ገጽ ላይ ምን ያህል አጥብቃ ትያዛለች? ለመላቀቅ ምን ያህል ኃይል ትጠይቃለች? ይህ በመቶ አተም ገደማ ይሠራል። ሰፋ ማለት ሲያምረው ላምፕስን በመሰለ የሞሌኪውላር ዳይናሚክስ ፕሮግራም ወደ ሺዎችና ሚሊዮኖች አተም ይሄዳል፤ እዚያ ኤሌክትሮኖቹን ትቶ አተሞቹን ብቻ ነው የሚከተለው። ልጁ የያዘው ርዕስ በመጨረሻ ይሄ ሆነ። እኔ እስከዛሬ ካየኋቸው ርዕሶች ሁሉ እወደዋለሁ።

ከቤተ ሙከራ ሰው መራቅ

ከላይ ያለው ልጅ ስሌቱን ሲጨርስ ማን ይፈትንለት? ስሱ ሚዛንና ማድረቂያ ያለው ሰው። ድንጋዩን መዝኖ፣ ቀስ እያለ አሙቆ፣ እንደገና መዝኖ ውኃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚወጣ የሚያይ ሰው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የኬሚስትሪ ክፍል በሩን አንኳኩ። እኛ ኮምፒውተር ላይ የምንውል ሰዎች ኩርፊያ የሚመስል ልማድ አለብን፤ ከስክሪናችን አንነሳም። ቁሱን በእጁ የያዘ ሰው ግን በአምስት ደቂቃ ጨዋታ ስሌታችሁን ሊያቃናው ይችላል።

ትልቅ ማሽን እስኪመጣ መጠበቅ

«እኛ ጋ ሱፐር ኮምፒውተር የለም» የሚለውን በተደጋጋሚ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ይጎዳል። ግን ሁለት አተም ያለውን የሲሊከን ክሪስታል ትንሹን ተደጋጋሚ ክፍል ተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ያሰላዋል። ኳንተም ኤስፕሬሶ፣ ጂፖው፣ አቢኒት፣ ላምፕስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው ማቴሪያልስ ፕሮጀክት ሌሎች ያሰሏቸውን የብዙ ሺህ ቁሶች ውጤት ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። መማሪያ አልጠፋም።

መብራት ይጠፋል፣ እሱም እውነት ነው። እንግዲያው ስሌቱን ለመብራት መጥፋት አዘጋጁት። ኳንተም ኤስፕሬሶ «ይህን ያህል ሰከንድ ሠርተህ በሥርዓት ቁም» የሚባልበት ትእዛዝ አለው፤ ከቆመበት የሚቀጥልበትም አለው። ባትሪያችሁ የምትችለውን ሰዓት ስጡት። ረጅሙን ሥራ ቆራርሱት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። በፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ፕሮግራም ከጓደኛ በፍላሽ ቀድታችሁ አትሥሩ። ቫስፕን የመሰሉት ፈቃድ ይጠይቃሉ። በተሰረቀ ኮፒ የሠራችሁትን ለማሳተም ስትሄዱ ስማችሁ ነው የሚጎድፈው። ነፃዎቹ እያሉ ለምን?

አለመመዝገብ

ዛሬ ግልጽ የሆነው ኢንፑት ከስድስት ወር በኋላ ባዕድ ነው። የትኛው ሱዶፖቴንሻል (የአተሙን እምብርትና የውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚወክለው ፋይል)? የትኛው ከትኦፍ? የፕሮግራሙ ቨርዥን ስንት? ደብተር ያዙ፣ ለየሥራው ለየብቻ ፎልደር አድርጉ፣ ስሙ ላይ ቀን ጻፉ። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ ምዕራብ ሙሉ እንደገና አስልቻለሁ።

ፊዚክሱን ዘሎ ኤአይ ላይ መውጣት

አሁን ሁሉም ማሽን ለርኒንግ ይላል። ጥሩ ነው፣ ተማሩት። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ጉግል ዲፕማይንድ በኤአይ 2.2 ሚሊዮን አዳዲስ ክሪስታሎች ተገኙ፣ ከነሱም 380 ሺዎቹ የረጉ ናቸው ሲል፣ «ስንቱ በእርግጥ አዲስ ነው? ስንቱስ ይጠቅማል?» ብለው የመረመሩት ቁሱን የሚያውቁ ኬሚስቶች ናቸው። ኳንተም ሜካኒክስና ሶሊድ ስቴት ፊዚክስ ሳይገባችሁ ያንን ጥያቄ መጠየቅ አትችሉም።

መንገዱ አንድ ብቻ ይመስል

ብዙ ተማሪ ሁለት ነገር ብቻ ይታየዋል፦ ወይ መምህርነት፣ ወይ ውጭ አገር። አገር ውስጥ በዚህ የሥራ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ ብርቅ መሆኑን አልደብቅም። ሙያው ግን ከስሙ ይሰፋል። ሊነክስና ፓይተን የለመደ፣ መረጃን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ብዙ ቦታ ይፈለጋል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀውን የሲሚንቶ ፋብሪካ አስቡ። ክሊንከር፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ፣ የሚጋገረው 1,450 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከፊሉን ክሊንከር 800 ዲግሪ አካባቢ በተጠበሰ የካኦሊን ሸክላና በኖራ ድንጋይ መተካት ዛሬ ዓለም የሚሠራበት ጉዳይ ነው፤ ያ ሸክላ ውኃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የሚያሰሉት የእኛው ሙያ ሰዎች ናቸው።

ትምህርት ለመቀጠል ለምትፈልጉ ደግሞ በር አለ። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያን ትሪየስተ ላይ ያቋቋመው የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒ፣ ለታዳጊ አገር ተመራማሪ የተሠራ ቤት ነው፤ ኪጋሊ ላይ አጋር ተቋም አለው። አሴስማ የተባለው የአፍሪካ ትምህርት ቤት ይህንኑ የእኛን ስሌት ያስተምራል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ ነበር።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሃምሳ ፕሮፌሰር መበተን ነው። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በሥራዎ እጅግ ተደንቄያለሁ» ይላል፤ የትኛው ሥራ እንደሆነ አይልም። አይነበብም። ለሦስት ሰው ጻፉ። የእያንዳንዱን አንድ ጽሑፍ አንብቡ፣ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፣ በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር አያይዙ።

ያቺ የኅዳሯ ልጅ ደብዳቤዋን ከመላኳ በፊት አሳየችኝ። ያያያዘችው የብረቱን ግራፍ ነው። 2.76ን አላጠፋችውም። ከ2.83 ጎን አስቀምጣ፣ ማግኔትነቱ ሲዘነጋ የወጣው ይህ ነው፣ ሲገባ የወጣው ይህ ነው፣ ከ2.87 የቀረው ልዩነት ከዚህ የመነጨ ነው ብላ በአራት መስመር ጽፋዋለች።