የካርቱኑ ጥቁር መስመር ቶፕ ኮት ሲነካው እንዳይፈስ

የሚለጠፍ ጥፍር ላይ የተሳለው የድመት ፊት ያምራል፤ ቶፕ ኮት (ከሥዕሉ በላይ የሚቀባው መከላከያ ሽፋን) ሲቀባ ግን ጥቁሩ መስመር ይጎተትና ጢሙ ግራጫ ጭረት ይሆናል። በተራ የጥፍር ቀለም ስሎ ሌሊቱን ማሳደር አልረዳም፤ የቶፕ ኮቱ ማሟሟያ የደረቀውንም መልሶ ያላላዋል። አክሪሊክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጄል (በላምፕ ብርሃን የሚደርቅ የጥፍር ቀለም) ላይ አልያዝ ብሎ ነጠብጣብ እየሆነ ተሰበሰበ።

የሠራው ይኸው፦ ከሥር የተቀባው ነጭ ጄል በላምፕ ከደረቀ በኋላ ማት (የማያብረቀርቅ) ቶፕ ኮት ቀብቶ እንደገና ማድረቅ፣ በአልኮል መጥረግ፣ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ በአክሪሊክ መሳል። ዓይንና አፍንጫ ይቅደሙ፤ ጢሙ መጨረሻ ላይ። የተሳሳተ መስመር ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ይነሳል፤ የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። አክሪሊኩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እርጥበት ከቀረ ቶፕ ኮቱ በኋላ ይላጣል። ጄል ቶፕ ኮቱን ወፈር ባለ ጠብታ፣ የብሩሹ ፀጉር ሥዕሉን ሳይፍቅ እየገፉ ቀቡት፤ የጥፍሩን ጫፍም ሸፍኑ።