የቸኮሌት ሙዝ ዳቦ ደሴ ላይ ለምን መሀሉ ይሰምጣል? ችግርና መፍትሄ

እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ እኔ ደሴ። በመካከላችን የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለትና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። የቸኮሌት ሙዝ ዳቦ አሠራር ያስተማረችኝ እርሷ ናት። ከጎኗ ቆሜ አይቻለሁ፣ ልኩን በእጇ ጽፋ ሰጥታኛለች፣ መጋገሪያ ዕቃውን እንኳ ከእርሷ ተውሼ ነው የመጣሁት። ደሴ ላይ ስጋግረው ግን መጀመሪያ አምሮ ይነሳና ሊበስል ሩብ ሰዓት ሲቀረው መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ይሰምጣል። ደውዬ «እትዬ፣ ያልሽውን አንድም አላጎደልሁም» ስላት «እንግዲያው ኦቨንሽ ነው፣ እታለም» አለችኝ።

ኦቨኑ አልነበረም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አብዛኛው የኬክና የጣፋጭ ዳቦ መመሪያ ደግሞ የተጻፈው ለዝቅተኛ አገር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጥቂት ስሕተት ይሸፈናል፤ ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ግን አይሸፈንም። «እጄ ለኬክ አይሆንም» ብለው ነገሩን እርግፍ አድርገው የተዉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ጥፋቱ የእጃቸው አለመሆኑን ስለማውቅ በጣም ይቆጨኛል።

ለማነጻጸር እንዲመች ደሴ ላይ የምጠቀምበትን ልክ ላስቀምጥ። 3 መካከለኛ በደንብ የበሰለ ሙዝ (ተልጦ 340 ግራም ገደማ)፣ 190 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 40 ግራም ስኳር የሌለው የኮኮዋ ዱቄት፣ 130 ግራም ስኳር፣ 90 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 2 እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያና በጣት ቁንጥር ያህል የሚጨመርበት ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 120 ግራም የተከታተፈ ጥቁር ቸኮሌት። ኦቨኑ 185 ዲግሪ ላይ አስቀድሞ ይግላል። ዳቦው ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል።

ይነሳና መሀሉ ይሰምጣል

ምክንያቱ አየር ነው። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቤኪንግ ሶዳው ሊጡ ውስጥ የሚፈጥረው ጋዝ የሚጫነው ስለቀነሰ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። እንቁላሉና ዱቄቱ ገና ሳይጠነክሩ አረፋዎቹ ይተልቁና ይፈነዳሉ፤ ያን ጊዜ መሀሉ የሚደግፈው ያጣል። ስኳር ሲበዛ ደግሞ ይብሳል፤ ስኳር ሊጡ ቶሎ እንዳይጠነክር ያደርጋልና።

መፍትሄው ሦስት ነገር ላይ ነው፤ ሦስቱንም አብረው ያድርጉ። መመሪያው 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ካለ ደሴ ላይ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይለፉ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሦስት አራተኛ ይበቃል። ከእያንዳንዱ 200 ግራም ስኳር ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ። ሙቀቱን ከታዘዘው 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ያድርጉ፤ ዳቦው አረፋው ሳይፈነዳ ቶሎ እንዲጠነክር ነው። ወልዲያ ላሉ ሰዎች ከተማቸው በሁለቱ መካከል ስለሆነች መካከሉን ይያዙ።

ሶዳውን የቀነስሁ ቀን ዳቦው እንደ ወትሮው አልተቆለለም። ትንሽ ዝቅ አለ፤ ጀርባው ግን በመሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያ ስንጥቅ ጥሩ ምልክት ነውና አይደንግጡበት።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከሰመጠ ኦቨኑን ቶሎ ከፍተውታል ማለት ነው። የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ በመስታወቱ ብቻ ይመልከቱ።

ከታች እንደ ገንፎ የረጠበ ንጣፍ ይቀራል

ይህኛው ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ነው፤ ምክንያቱ አንድ ስላልሆነ።

መጀመሪያ ሙዙን ይመዝኑ። «3 ሙዝ» የሚለው ልክ ያሳስታል። መካከለኛ ሙዝ ሲላጥ 115 ግራም ገደማ ነው፤ ከገበያ የሚገዛው ትልቁ ሙዝ ግን እስከ 150 ግራም ይደርሳል። ሦስቱ ትልልቅ ሲሆኑ አንድ ሙሉ ሙዝ ሳይታወቅ ተጨመረ ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ ደግሞ ታች ይተኛል። ሚዛን ከሌለዎት በሹካ የተፈጨውን ሙዝ በ240 ሚሊ ሊትር መለኪያ ይለኩ፤ አንድ ተኩል መለኪያ ድረስ ነው፤ ከዚያ አይለፍ።

ቀጥሎ የማማሰል ጉዳይ አለ። እኛ ያደግነው ሊጥ በደንብ ሲታሽ ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል እየተባልን ነው፤ ለድፎ ዳቦ እውነት ነው። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው። ዱቄቱ እርጥቡን ካገኘ በኋላ በተማሰለ ቁጥር ሊጡ እንደ ሙጫ ይሆናል። ዱቄቱ እንደጠፋ፣ ጥቂት ጉርብጥብጥ እያለ እንኳ፣ እጅዎን ይሰብስቡ። እኔ ከ15 ዙር አላልፍም።

ሦስተኛው ያልበሰለ ዳቦ ማውጣት ነው። ስቴኪኒ ሲወጉበት የሚወጣው ቡናማ ነገር ጥሬ ሊጥ ይሁን የቀለጠ ቸኮሌት ማወቅ ያስቸግራል። ሁለት ሦስት ቦታ ይውጉና በጣትዎ ያሹት፦ ቸኮሌት ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል፤ ሊጥ ግን ይጣበቃል፣ ይድበለበላል። ከዚያ ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ያድምጡ። ያልበሰለ ዳቦ ዝናብ ያረፈበት ቆርቆሮ ከሩቅ ሲሰማ እንደሚመስለው በቀስታ ይንሿሿል፤ ሲበስል ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል ማለት ይቻላል። እኔ ከስቴኪኒው ይልቅ ይህን ነው የማምነው።

ቴርሞሜትር ያላቸው ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የውጭ መመሪያዎች «ውስጡ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» ይላሉ። ደሴ ላይ ውሃ ራሱ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ እርጥበት ያለው ዳቦ ውስጡ 96 አይደርስም። ያን ቁጥር የሚጠብቅ ሰው ዳርና ዳሩን አድርቆ ያቃጥላል። 90 አካባቢ ሲደርስ ያውጡት።

ደርቆ ይፈረፈራል

«አንድ ኩባያ» የሚለው መመሪያ የሚናገረው ስለ 240 ሚሊ ሊትር ነው። የሻይ ብርጭቋችን ከዚያ ያነሰ ነው፤ አንዳንዱ ኩባያ ደግሞ ይበልጣል። ሁሉም በአንድ ዕቃ ከተለካ ብዙ አይጎዳም፤ ችግሩ ዱቄቱ በትልቅ ኩባያ፣ ዘይቱ በሻይ ብርጭቆ ሲለካ ነው። መለኪያ ከሌለ ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ በቂ ነው፤ ግማሹ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያለው ውሃ አንድ ኩባያ ነው። ያን ውሃ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ገልብጠው ልኩ ላይ ምልክት ያድርጉ። ዱቄቱንም ዕቃውን እየነከሩ አይዝቁት፤ በማንኪያ እየጨመሩ በቢላዋ ጀርባ ይላጩት። ተጨቁኖ የተዛቀ ዱቄት ከሚገባው ሩብ ያህል ይበልጣል።

ሌላው ኮኮዋ ነው። ተራውን የሙዝ ዳቦ ወደ ቸኮሌት ለመለወጥ በሙሉው ዱቄት ላይ ኮኮዋ የሚጨምሩ አሉ። ኮኮዋ ከዱቄት የበለጠ እርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ የጨመሩትን ያህል ዱቄት ይቀንሱ፣ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ወተትም ያክሉ። ደጋ ላይ እርጥበት ቶሎ ስለሚተን ይህ የግድ ነው።

የሳሙና ጣዕም አለው፣ ወይም አፍ ላይ ይመርራል

ቤኪንግ ሶዳው በዝቷል፣ ወይም ሳይነፋ ገብቶ ጓል ሠርቷል፣ ወይም የሚያበርደው አሲድ አላገኘም። ሁልጊዜ ከዱቄቱ ጋር በወንፊት ይንፉት። ኮኮዋዎ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ በተፈጥሮው ኮምጣጣ ነውና ከሶዳ ጋር ይስማማል። ጥቁር ሊመስል የደረሰ ከሆነ ግን ኮምጣጣነቱ ተወግዶለታል፤ ያን ጊዜ ከወተቱ ፋንታ 3 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጠቀሙ። የእኛ እርጎ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ አጋጣሚ፣ ለልጆች በወተት የሚበጠበጠው ጣፋጭ የቸኮሌት ዱቄት ኮኮዋ አይደለም። አብዛኛው ስኳር ነው። እርሱን ከተጠቀሙ ዳቦው ገርጥቶ፣ ጣፍጦ፣ የቸኮሌት ጣዕም ግን ሳይኖረው ይወጣል።

የሙዝ ጣዕም የለውም

ሙዙ ገና ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ እኛ ገበያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም፤ ጥሬ ሙዝ ደግሞ ስታርች እንጂ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ በሁለት ሦስት ቀን የሚበስለው ሙዝ ደሴ ላይ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ብርድ፣ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በወረቀት ከረጢት ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ራሱ የሚያወጣው ጋዝ ታፍኖ ያበስለዋል። ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት፤ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ግን ባለበት ይቀራል። ልጣጩ ከቢጫው ይልቅ ጥቁር ጠቃጠቆው ሲበዛበትና ሽታው ክፍሉን ሲሞላ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ልጠው ቢያቀዘቅዙት ችግር የለውም።

ቸኮሌቱ ሁሉ ታች ይሰበሰባል

ቁራጩ ትልቅ ነው ወይም ሊጡ ቀጥኗል። እንደ ሽምብራ ፍሬ አሳንሰው ይክተፉት፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይነስንሱበት፣ ግማሹን ደግሞ ሊጡ ዕቃው ውስጥ ከገባ በኋላ ከላይ ይበትኑት።

የጾም ስሠራው አይያያዝም

ወሎ ላይ አንድ ቡና ዙሪያ የሚጾምና የማይጾም አብሮ ይቀመጣል፤ ረመዳንና ዐቢይ ጾም የሚገጣጠሙበት ዓመትም አለ። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሰው እንቁላሉን ሲያወጣ በምትኩ ሙዝ ይጨምራል፤ ውጤቱ ከላይ ያነሳሁት ገንፎ ነው። ሙዙን አይንኩት። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልተቆላ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጠው አሥር ደቂቃ ይተዉት። እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ ሲል ይጨምሩት። አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያክሉ፤ ቸኮሌቱ ወተት የሌለበት መሆኑን መጠቅለያው ላይ ያንብቡ። ይህኛው ዳቦ ሞቅ እያለ ከተቆረጠ ይበተናል፤ ማታ ጋግረው ለጠዋት አቦል ያቅርቡት።

መሀል ላይ መብራት ጠፋ

35 ደቂቃ ካለፈው ኦቨኑን አይክፈቱ። ታፍኖ የቀረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጆሮና በስቴኪኒ ይፈትሹ። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ሶዳው ጋዙን ጨርሶ ሊጡ ይተኛል። ወዲያው ወደ ከሰል ይሂዱ።

ዘዴው የእናቶቻችን የድፎ ዳቦ ዘዴ ነው፤ እሳት ከታችም ከላይም። ወፍራም የብረት ድስት ውስጥ ሦስት ጠፍጣፋ ጠጠሮች ያስቀምጡና መጋገሪያ ዕቃውን በእነርሱ ላይ ያሳርፉ፤ የድስቱን መቀመጫ ከነካ ታችኛው ያራል። ኮባ ቅጠል ካገኙ ዕቃውን ውስጡን ያልብሱበት። ኮባ የሙዝ ዘመድ ነው፣ ለዚህ ዳቦ ሽታው ይስማማዋል፤ እኔ አሁን መብራት እያለም አንዳንዴ የምጠቀምበት ለዚህ ነው። ከድስቱ ሥር ጥቂት፣ ከክዳኑ ላይ ብዙ ፍም ያድርጉ፤ ፍሙ አመድ የለበሰ ይሁን፣ የሚንቦገቦግ አይሁን። ከ20 ደቂቃ በኋላ ድስቱን ግማሽ ዙር ያዙሩት። ሽታው ግቢውን ሲሞላ ገና ነው፤ ሩብ ሰዓት ይጨምሩለት፤ ከዚያ የክዳኑን ፍም አራግፈው ሳይከፍቱ አሥር ደቂቃ ያሳርፉት።