የሸክላ አፈርን በውሃ እንዴት መፈተሽና ማጣራት ይቻላል?

ለጀበና ወይም ለድስት ያሰባችሁት አፈር በእጅ ሲዳሰስ ደህና ሊመስል ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ውሃ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ፍተሻው። ሥሩንና ጠጠሩን ልቀሙ። አፈሩን አድርቁ፣ ውቀጡ፣ በወንፊት ንፉ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱና ሲሶውን በአፈር ሙሉት። ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ ኦሞ ጨምሩ፤ ለመናጫ አናቱ ላይ ትንሽ ቦታ ይቅር። አሳድሩት። ጠዋት አምስት ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡትና ደልዳላ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ አትነካኩት።

ኦሞው ለምን? የሸክላ ቅንጣቶች ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ኦሞ ውስጥ ያለው ሶዲየም መገፋፋታቸውን ስለሚያበረታ ተበታትነው ይቀራሉ። አለበለዚያ ተጣብቀው እንደ አሸዋ ይሰምጡና ያታልሏችኋል። በዚህ ማታለል የመራዊን ቀይ አፈር የሚያህል የለም፤ ውስጡ ያለው ብረት ቅንጣቶቹን ስለሚያያይዝ ረዘም አድርጋችሁ ናጡት። የቢቸና ጥቁር አፈር ደግሞ ያብጣል፤ ውሃውን ለቀናት አደፍርሶ ሊያቆይ ይችላል።

አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ታች ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክላው ትዕግስት ይጠይቃል፤ በ10 እጥፍ ያነሰ ቅንጣት የሚወርደው በ100 እጥፍ ቀስ ብሎ ነውና። 0.002 ሚሊሜትር የሆነች ቅንጣት 10 ሴንቲሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። በደብረ ማርቆስ ብርድማ ይብሳል፤ ውሃ ሲቀዘቅዝ ወፈር ይላል።

አፈሩን ከወደዳችሁት ወደ ማጣራቱ እለፉ። እዚህ ኦሞ አይገባም። አፈሩን ባልዲ ውስጥ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉ፣ አማስሉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ድፍርሱን በስስ ጨርቅ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡ። ታች የቀረውን በአዲስ ውሃ ደጋግሙት።

ድፍርሱ አልጠራ ካለ ጥቂት ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይወርዳሉ። ጨውም ይሠራል፣ እኔ ግን አልመክርም። ዕቃው ሲደርቅ ገጹ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

የጠራውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉ። ጭቃውን ጨርቅ ላይ አስጡት፤ እጅ ላይ መጣበቅ ሲተው ለማቡካት ደርሷል። ብቻውን ግን አትሥሩበት፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የተወቀጠ ገል ወይም ደቃቅ አሸዋ ቀላቅሉበት።