ሴሎቹ አልንቀሳቀስ ሲሉ፦ ለባዮሎጂ ክበብ ችግርና መፍትሄ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ክረምቱ ያቆረው ውሃ ለባዮሎጂ ክበብ ትልቅ ሀብት ነው። አሜባም ፓራሚሲየምም ሊገኝበት ይችላል። ሁለቱም ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት እንጂ እንስሳት አይደሉም። የሚንቀሳቀሱበት መላ ግን በእኛም ሴሎች ውስጥ አለ። ተማሪው አንዴ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ሞቷል» ብሎ ሲነሳ ያሳዝነኛል። ብዙውን ጊዜ አልሞተም።

«ምንም የሚንቀሳቀስ የለም»
ውሃው ከቧንቧ ከሆነ አትድከሙ፤ ክሎሪን የገባበት ውሃ እነዚህን አያኖርም። ከኩሬም ቢሆን ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ውሃ ተዉት። ከታች፣ ሣርና ቅጠል ከበሰበሰበት ቅዱ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ውሃው ውስጥ ደረቅ ሣር ጨምራችሁ ክዳኑን ሳታጠብቁ ጥቂት ቀን አስቀምጡት። ባክቴሪያው ይራባል፣ እሱን የሚበላው ፓራሚሲየምም ይበዛል። በጠዋት ብርድ የተቀዳ ከሆነ ክፍል ውስጥ ለዘብ እስኪል ጠብቁ። ቅዝቃዜ ያዘገያቸዋል።

«ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል»
ውሃው ነው እየወሰዳቸው ያለው። በመሸፈኛው መስታወት ዳር ውሃው ሲተን ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ዳሩን ቫዝሊን ቀቡት።

«ፓራሚሲየሙ ሽው ብሎ ያልፋል»
ርዝመቱ የሚሊሜትር ሩብ ገደማ ነው፤ በሰከንድ ግን 1 ሚሊሜትር ያህል ይዋኛል። በትልቁ ሌንስ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። በትንሹ ጀምሩ። ጥጥ ፈታ አድርጋችሁ ጥቂት ክሮች ጠብታው ውስጥ ጣል አድርጉ። አሁን ዓይናችሁን አትንቀሉ። ክሩን ሲነካ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ዞር ይላል፣ በሌላ በኩል ይሞክራል። የፊት ጫፉ ሲገጭ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ ያኔ ሲሊያዎቹ፣ ማለትም ሴሉን የሸፈኑት ፀጉር መሰል መቅዘፊያዎች፣ የሚቀዝፉበትን አቅጣጫ ይገለብጣሉ። አንጎል የለ፣ ነርቭ የለ! ይህን ሳያይ ከባዮሎጂ ክፍል የሚወጣ ተማሪ ባይኖር ደስታዬ ነው።

«ሲሊያው አይታይም»
ብርሃኑ በዝቷል። የአንድ ሲሊያ ውፍረት የሚሊሜትር 1/4000 ገደማ ነው። በብዙ ብርሃን ይጠፋል። የማይክሮስኮፑን ብርሃን የሚመጥነውን ቀዳዳ (ድያፍራሙን) ጠበብ አድርጉት፤ የሴሉ ዳር ነፋስ እንደመታው የገብስ ማሳ ሲርገበገብ ታያላችሁ። በአየር ቧንቧችን ውስጥ ያሉት ሲሊያዎችም እንዲሁ እየተርገበገቡ አቧራ የያዘውን አክታ ወደ ላይ ይገፋሉ።

«አሜባው ድብልብል ብሎ ቀረ»
ተናውጦ ነው። ሲረበሽ ሐሰተኛ እግሮቹን፣ ማለትም ለመሄድ ከሴሉ የሚያወጣቸውን እብጠቶች፣ ይሰበስባል። ብርሃኑን ቀንሱና ሳትነኩት ትንሽ ታገሱ። መጀመሪያ ከጎኑ ጥርት ያለ እብጠት ብቅ ይላል። ቀጥሎ ፍሬ ፍሬ ያለው የውስጥ ፈሳሽ ወደዚያው ይጎርፋል። ይህን የሚያንቀሳቅሱት አክቲን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች ናቸው። ነጭ የደም ሴላችንም ባክቴሪያ ሲያሳድድ በዚሁ ፕሮቲን ነው የሚድኸው።

«ከጉንጭ የፋቅነው ሴል ግን ጭራሽ አይላወስም»
እሱ ጤነኛ ነው። ሲሊያም ፍላጀላም (ጅራፍ መሰል ረጅም መዋኛ) የለውም፤ ሥራው ባለበት ተነጥፎ ጉንጭን መሸፈን ነው። እንቅስቃሴ ከፈለጋችሁ ወደ ኩሬው ውሃ ተመለሱ።